ብድር ሲራዘም ዋስም ይራዘማል

ከባንኩ የቀረበልኝ ሐሳብ ለመረዳት ቀላል ነው። የቆየውን ብድሬን ይዘጉታል። በላዩ ላይ ገንዘብ ጨምረው አንድ አዲስ ብድር ይሰጡኛል። በተጨማሪው ገንዘብ ሌሎች ዕዳዎቼን በሙሉ ከፍዬ እገላገላለሁ። ከዚያ በኋላ ያለብኝ የባንኩ ዕዳ ብቻ ነው። ወርሃዊ ክፍያዬም አሁን ከምከፍለው ትንሽ ይቀንሳል።

የባንክ ዕዳዬ ወደ እጥፍ ሊጠጋ ነው፣ ክፍያዬ ግን ይቀንሳል። እንዲህ ያለ ነገር ሲቀርብልኝ ወረቀትና ካልኩሌተር ይዤ ካልተቀመጥኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ያንን ሒሳብ ሠርቼ ስጨርስ ውሳኔዬን የወሰነው ቁጥሩ ብቻ እንዳልነበረ ስላየሁ ነው። ደመወዝተኛ ሆናችሁ በአሠሪያችሁ በኩል የግል ብድር ያለባችሁ፣ ከጎኑ ደግሞ ጥቃቅን ዕዳ የተከማቸባችሁ ሰዎች ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ምናልባት ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ ያለኝን ዕዳ ልዘርዝር። በ2016 መጀመሪያ ላይ 300 ሺህ ብር ተበደርኩ። ለባለቤቴ የእንጨት ሥራ ቤት ማሽን መግዣ ነበር። ወለዱ በዓመት 16 ከመቶ፣ የመክፈያው ጊዜ አራት ዓመት። በየወሩ 8,502 ብር ከደመወዜ ይቆረጣል። ሁለት ዓመቱ አልቋል፣ ሁለቱ ይቀራል። ቀሪ ዕዳዬ 173,600 ብር ገደማ ነው።

ያን ብድር ያገኘሁት በጭንቅ ነበር። ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 ላይ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 ከመቶ እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። የዋጋ ንረቱን ለማርገብ ታስቦ የተወሰደ እርምጃ ነው። ለእኛ ለትንንሾቹ ተበዳሪዎች ግን ትርጉሙ ወረፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባንክ «ና፣ ጨምሬ ላበድርህ» ሲል ሰው ሁሉ እጁን ቶሎ ይዘረጋል። በሩ ነገ ይዘጋ ይሆናል የሚል ስጋት አለ። እኔም ላይ ነበረ። ስጋቱ እውነተኛ ቢሆንም የሒሳቡን መልስ እንዲለውጠው አልፈለግኩም።

በ2017 እናቴ ታመመች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ ከውጭ የሚመጣ መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ዋጋ ምን ያህል እንደወጣ ታማሚ ያለበት ቤት ሁሉ ያውቀዋል። ቀዶ ጥገናው ቀን አይሰጥም ነበር። ስለዚህ ገንዘብ ከተገኘበት ቦታ ሁሉ ተሰበሰበ። እናቴ ዛሬ ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዕዳው ግን እንዲህ ተከፋፍሎ ቀረ።

አክስቴ 60 ሺህ ብር ሰጠችኝ። ያለ ወለድ፣ ያለ ወረቀት። ለቤቷ ጣሪያ ማደሻ ያስቀመጠችው ነበር። ዕቁቤን ቀደም ብዬ በልቼዋለሁ፤ በወር 3 ሺህ ብር እየጣልኩ አሥር ወር ይቀረኛል፣ ማለትም 30 ሺህ። ከስልክ ላይ የወሰድኩት 12 ሺህ ብር አለ፤ በየወሩ እየዘጋሁ መልሼ የማወጣው፣ በየዙሩም የአገልግሎት ክፍያ 480 ብር የሚበላ። ሰፈራችን ያለ ሱቅ 6,500 ብር ዱቤ ይዞብኛል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ከአንድ ሰው በአራጣ የተወሰደ 40 ሺህ ብር አለ። በወር ሰባት ከመቶ። 2,800 ብር በየወሩ እሰጠዋለሁ፣ ዋናው ግን ሳይነካ እዚያው ተቀምጧል።

ሲደመር 148,500 ብር ነው። ከቀሪው ብድር ጋር 322 ሺህ ይሆናል። ባንኩ 325 ሺህ ብር በአምስት ዓመት ልስጥሽ አለኝ። ወለዱ አሁን 18 ከመቶ ሆኗል።

እነዚህን ዕዳዎች «ዕዳ» በሚል አንድ ስም መጥራት ይቀናናል። ከባንኩም በኩል የሚቀርበው እንዲያ ነው፤ ሁሉንም ሰብስበሽ በአንድ ጆንያ ክተቺው ይባላል። ሳያቸው ግን ምንም አይመሳሰሉም። አንዱ በዓመት 84 ከመቶ እየወለደ ነው። ሌላው ምንም አይወልድም። አንዱ በአሥር ወር በራሱ ጊዜ ያልቃል። ሌላው እኔ ካልቆረጥኩት መቼም አያልቅም። እነዚህን በአንድ ላይ አስሮ ለሁሉም 18 ከመቶና አምስት ዓመት መስጠት ለአንዱ መድኃኒት፣ ለሌላው በሽታ ነው።

ቁጥሩን ልንገራችሁ። 325 ሺህ ብር በ18 ከመቶ ለ60 ወር ሲከፈል ወርሃዊው 8,253 ብር ይመጣል። በአምስት ዓመት 495 ሺህ ብር ገደማ ከፍዬ እጨርሳለሁ። 170 ሺህ ያህሉ ወለድ ነው።

ይህ ብቻውን ብዙ አይነግርም። ወደ ውስጥ ሲገባ ነው የሚያስደነግጠው። አሮጌውን ብድር ባልነካው ቀሪ ሁለት ዓመቱን 204 ሺህ ብር ከፍዬ እዘጋዋለሁ። ከዚያ ውስጥ ወለዱ 30,400 ብር ብቻ ነው። ይኸው ቀሪ ዕዳ ወደ አዲሱ ብድር ሲገባ ግን ከ16 ወደ 18 ከመቶ ያድጋል፣ ከሁለት ዓመት ወደ አምስት ዓመት ይለጠጣል። ወለዱም ወደ 90,900 ብር ይደርሳል። አዲስ አንድ ብር ሳልቀበል፣ ቀድሞ የተበላ ገንዘብ ላይ 60 ሺህ ብር ተጨመረብኝ ማለት ነው። ብድር ለማስጨመር የሚሄድ ሰው ዓይኑ ተጨማሪው ገንዘብ ላይ ስለሚሆን ይህ ያመልጠዋል። የሚጠይቀው «ስንት ይሰጡኛል?» ብሎ ነው። አሮጌው ዕዳ ምን ይሆናል የሚለውን ማንም አያነሳውም።

የአክስቴን 60 ሺህ ልየው። በአምስት ዓመት 91 ሺህ ይሆናል። ወለድ ያልነበረው ዕዳ 31 ሺህ ብር ወለድ አወጣ። የዕቁቡም እንደዚያው፤ 30 ሺህ ብሩ 45,700 ይሆናል። ዕቁብ ላይ ይህን ማድረግ በጭራሽ አልተዋጠልኝም። ዕቁብ ትልቁ ጥቅሙ ያለ ወለድ ብድር መሆኑ ነው፤ ቀድሞ የበላ ሰው ከኋለኞቹ በነፃ ተበድሯል። ያንን ወስዶ ባንክ ውስጥ መክተት ጓደኞቻችን የሰጡንን ነገር መጣል ይመስለኛል።

አራጣው ግን ሌላ ነው። 40 ሺህ ብሩ አዲሱ ብድር ውስጥ ቢገባ በአምስት ዓመት ውስጥ የሚያስከፍለኝ ወለድ 21 ሺህ ብር አይሞላም። አሁን በያዝኩት መንገድ ግን ይህን ያህል ገንዘብ በስምንት ወር ውስጥ ለሰውየው አስረክቤ ዋናው 40 ሺህ እንዳለ ይቆያል። የስልኩም በልኩ እንዲሁ ነው። በወር 480 ብር ትንሽ ትመስላለች። በዓመት 5,760 ብር ነው፣ ለ12 ሺህ ብር።

ስለ አራጣ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በግለሰቦች መካከል ለሚደረግ ብድር ወለድ በዓመት ከ12 ከመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አንቀጽ 2479 ነው። አራጣ ማበደር በወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 712 ያስቀጣል። በወር ሰባት ከመቶ የሚቀበል ሰው ለዚህ ነው ወለዱን ወረቀት ላይ የማይጽፈው። ይህን አውቃለሁ። ሆኖም ዋናውን ገንዘብ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም እከፍላለሁ፤ እናቴ ቀዶ ጥገና ክፍል የገባችው በእሱም ብር ነው። የምፈልገው ይህ ነገር እንዲያበቃ ብቻ ነው። ስከፍል በሁለት ምስክር ፊት ወረቀቴን ከእጁ እቀበላለሁ፣ «ተከፍሎኛል» ብሎም ይፈርማል። በዚህ ድካም ውስጥ ያላችሁ ሰዎች ይህን አትዝለሉ። ወረቀቱ በሰው እጅ እስካለ ድረስ ዕዳው አልተዘጋም።

አንዳንዱ ሰው ለምን አሮጌውን ብድር ሳትነኪ ለአራጣውና ለስልኩ ብቻ ሌላ ትንሽ ብድር አትወስጂም ይለኝ ይሆናል። መሥሪያ ቤታችን የሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበር አለው። ወለዱም ከባንኩ ይቀላል። አስቤው ነበር። የሚያግደኝ ሲሶ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይላል። እጄ ላይ የሚገባው 27 ሺህ ብር ነው፤ መሥሪያ ቤቱም ሲሶውን የሚያሰላው ከዚሁ ነው። 9 ሺህ ብር። 8,502ቱ ለባንክ ተቆርጧል። የቀረችው ክፍተት አምስት መቶ ብር እንኳ አትሞላም። ማኅበሩ ሊቆርጥ የሚችለው ነገር የለም። መጀመሪያ ሲሶውን እንደ እንቅፋት ነበር የቆጠርኩት። ስቆይ ግን አመሰገንኩት። ይህ ገደብ ባይኖር ኖሮ እንደኔ የተጨነቀ ሰው ደመወዙን በሙሉ አስይዞ በማግስቱ ለአስቤዛ እንደገና ይበደር ነበር።

ስለዚህ ያለው መንገድ አሮጌውን አሻሽሎ ማስጨመር ነው። ጥያቄው ምን ያህል፣ ለስንት ጊዜ የሚለው ሆነ።

እዚህ ላይ ከባለቤቴ ጋር ተከራከርን። እሱ አምስት ዓመቱን ይደግፋል። ሐሳቡ የብዙ ሰው ሐሳብ ስለሆነ በደንብ ልንገራችሁ። «ብር በየዓመቱ እየረከሰ ነው» አለኝ። «ዛሬ 8 ሺህ ብር ይከብድሻል። ከአራት ዓመት በኋላ 8 ሺህ ምን ይገዛል? ብድር ረጅም ሲሆን ነው የሚጠቅመው።» ሞኝነት አይደለም። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 ከመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ በ16 ከመቶ ተበድሮ ቦታ ወይም ዕቃ የገዛ ሰው በእርግጥ አትርፏል። እኛም የማሽኑን ብድር ስንወስድ ያየነው ይህንኑ ነው። ማሽኑ ዛሬ በገዛንበት ዋጋ አይገኝም።

የአሁኑ ብድር ግን ምንም አይገዛም። ሆስፒታል የተከፈለ ገንዘብ ነው፣ ዋጋው እየጨመረ የሚሄድ ንብረት ከኋላው የለም። ሁለተኛው ነገር ደመወዝ ነው። ብር ሲረክስ ዕዳ የሚቀለው ገቢው ከዋጋው ጋር አብሮ ለሚያድግ ሰው ነው። ነጋዴ ዋጋ ይጨምራል። ባለቤቴም ለአንድ ቁም ሳጥን የሚጠይቀው ከሁለት ዓመት በፊት የጠየቀውን አይደለም። የእኔ ደመወዝ ግን ጤፍ በጨመረ ቁጥር አይጨምርም። ክፍያው ባይለወጥም የቀረውን 18 ሺህ ብር ኑሮው በየዓመቱ ይቆርጥለታል። አምስተኛው ዓመት ላይ 8,253 ብር ቀላል እንደሚሆንልኝ ማንም ቃል ሊገባልኝ አይችልም።

ሌላም አለ። በአሠሪ በኩል የተወሰደ ብድር ከሥራው ጋር ያስራል። ሥራ ስለቅቅ ቀሪውን ዕዳ በአንድ ጊዜ ክፈዪ ልባል እችላለሁ፣ ወይም የሥራ ስንብት ክፍያዬ ይያዛል። ውሉ ላይ ተጽፏል። አምስት ዓመት አንድ ወንበር ላይ ለመቀመጥ መፈረም ለእኔ ከብዶኛል።

ባለቤቴም በአንድ ነገር ልክ ነበር። ትንፋሽ ያስፈልገናል። አሁን በየወሩ ለባንክ 8,502፣ ለዕቁብ 3 ሺህ፣ ለአራጣ 2,800፣ ለስልክ 480 ይወጣል። 14,782 ብር ነው። ከ27 ሺህ ላይ። የቤት ኪራይና ቀለብ ከእሱ ገቢ ነው፤ የእሱ ገቢ ደግሞ አንዱ ወር ሞልቶ ሌላው ይጎድላል። ባዶ በሆነበት ወር ሱቁ ዱቤውን ያሳድጋል። ሁሉንም የሚዘጋው የአምስት ዓመቱ ብድር ከዚህ ጭንቀት 6,500 ብር ያህል በየወሩ ያወጣን ነበር። ቤቱ ውስጥ የሚበላ ለጠፋበት ሰው ይህን አትውሰድ ልል አልችልም። የ170 ሺህ ብር ወለድ ውድ ነው፣ ረኃብ ደግሞ የባሰ ነው። እኛ ግን እዚያ አልደረስንም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ካልኩሌተር የሚመልሰው ነው። አሁን ወደ ዋሶቼ ልምጣ።

የመጀመሪያውን ብድር ስወስድ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ዋስ ሆነውልኛል። አንዱ ከሒሳብ ክፍል ያሉ ትልቅ ሰው ናቸው። ሌላዋ ከእኔ በዕድሜ የምታንስ፣ አብራን የምትሠራ ልጅ ናት። ብድሩ ሲሻሻል ውሉ አዲስ ይሆናል። አዲስ ውል አዲስ የዋስ ፊርማ ይፈልጋል። ባንክ ቤት ይህ በአንድ መስመር ነው የሚነገረው፤ «ዋሶችሽን ይዘሽ ነይ» ይባላል። መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ ግን አንድ መስመር አይደለም።

የዋስትና ውል ምን እንደሚል ብዙ ሰው አንብቦ አይፈርምም። በወዳጅነት ይፈርማል። ባንኮች ብዙውን ጊዜ የሚያስፈርሙት የአንድነትና የነጠላ ዋስትና ነው። ይህ ማለት እኔ ሳልከፍል ብቀር አበዳሪው እኔን አሳድዶ እስኪጨርስ መጠበቅ የለበትም። በቀጥታ ወደ ዋሱ ደመወዝ መሄድ ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1933 ይፈቅድለታል። በሌላ በኩል ሕጉ ለዋሱ አንድ ጥበቃ ሰጥቷል። አንቀጽ 1922 ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም ይላል። ስለዚህ ዋስ የምትሆኑ ሰዎች ያ ቁጥር ስንት እንደሆነ ሳታዩ ብዕር አታንሱ። ዋስ የምትጠይቁም ሰዎች ቁጥሩን እናንተው አሳዩዋቸው።

የሒሳብ ክፍሉን ትልቅ ሰው ሄጄ አነጋገርኳቸው። የአምስት ዓመቱንም፣ እኔ ያሰብኩትን የሦስት ዓመቱንም ሒሳብ በወረቀት ይዤ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው በትዕግሥት አዩት። ሒሳብ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ወለዱን አልጠየቁኝም። «ልጄ፣ እኔ እኮ አሁን 56 ዓመቴ ነው» አሉኝ።

ጡረታ በ60 ነው። በ60 ወር ብድር ላይ ቢፈርሙ የእኔን ዕዳ ይዘው ጡረታ ይወጣሉ ማለት ነው። አንድ ችግር ቢገጥመኝ የሚነካው ከእንግዲህ የማያድግ የጡረታ ዘመን ገቢያቸው ነው። በ36 ወር ከሆነ ግን ገና በሥራ ላይ እያሉ ነፃ ይወጣሉ። እሳቸው ይህን እንደ ቅሬታ አላቀረቡትም። እምቢም አላሉኝም። እንዲያውም «የግድ ከሆነ እፈርማለሁ» ነው ያሉት። እኔ ግን እዚያው ቆሜ የአምስት ዓመቱ ነገር አከተመ ብዬ ወሰንኩ። ባለቤቴንም ማታ ያሳመነው ይህ ነው፤ የእኔ የወለድ ሰንጠረዥ አልነበረም።

ስለ ዕዳ ስንወያይ ተበዳሪውንና ባንኩን ብቻ እናያለን። እኛ አገር ግን ደመወዝተኛ ቤትና መኪና ከሌለው የሚያስይዘው የሚያውቀውን ሰው ነው። የመክፈያ ጊዜዬን በሦስት ዓመት ስገፋው የእኔን ሦስት ዓመት ብቻ አልገፋሁም። የሰውን ጡረታ፣ የሰውን ዕቅድ ይዤ ነው የምገፋው። ይህ በወለድ መጠኑ ውስጥ አይታይም። በወርሃዊ ክፍያውም ውስጥ የለም። ስለዚህ ራሳችን ማስገባት አለብን።

ልጅቷ ደግሞ እምቢ አለችኝ። በጣም ተጨንቃ ነው የነገረችኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሥራ የመቀየር ሐሳብ አላት። ዋስ ሆና እያለች መሥሪያ ቤቱ ክሊራንስ አይሰጣትም፤ ተተኪ ዋስ ካልቀረበ በስተቀር። የአሁኑ ብድሬ ሁለት ዓመት እንደቀረው ቆጥራ ነበር ዕቅዷን ያወጣችው። አንድ ዓመት እንኳ ብጨምርበት የእሷን መንገድ እዘጋለሁ። «እኔ ነኝ ማሰብ የነበረብኝ፣ አንቺ ምንም አትጨነቂ» አልኳት፣ ከልቤ ነው። ዋስ የጠየቅነው ሰው እምቢ ሲለን የምናኮርፍበት ልማድ ቢቀር ደስ ይለኛል። እምቢ ማለት የሚችል ሰው ነው እሺ ሲልም የሚታመነው። በእሷ ምትክ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነው የባለቤቴ ወንድም እሺ ብሎኛል። እሱም ወረቀቱን ከፊት እስከ ኋላ አንብቦ ነው።

የስልክ ብድር ለምን እንዲህ እንደተወደደ የገባኝ በዚህ መሀል ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀምር ለእኔ ገንዘብ መላኪያ ነበር። በ2014 መጨረሻ አካባቢ ከዳሸን ባንክ ጋር መላና እንደኪሴ የተባሉት የብድር አገልግሎቶች መጡ፤ ከዚያ ሌሎች ባንኮችም በየመተግበሪያቸው ተከተሉ። ዋስ የለም፣ ማስያዣ የለም። የማንም ፊት አይታይም። ለአነስተኛ ነጋዴ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ጠዋት ወስዶ ማታ ይመልሳል። በወር አንዴ ደመወዝ ለሚያገኝ፣ ከወር ወር ለሚያንከባልል ሰው ግን ወጪው በጸጥታ ይደመራል። ማንንም ላለማስቸገር የምንከፍለው ዋጋ ነው።

አክስቴ ቀርታለች። እሷን ለማነጋገር ፈርቼ ነበር። ወረቀት ስለሌለን ገንዘቡ መቼ እንደሚመለስ አንስተን አናውቅም። እሷም በደግነቷ ዝም ብላለች። ጣሪያው ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈሳል። «እታለም፣ ከባንክ ወስጄ አሁኑኑ ሙሉውን ልስጥሽ ወይስ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ልክፈልሽ?» አልኳት። ባንኩ በእሷ ገንዘብ ላይ ስንት እንደሚወስድ ስነግራት ተቆጣች። «የእኔን ብር ለባንክ ሲሳይ ልታደርጊው ነው?» አለችኝ። ከዚህ ክረምት በፊት ለቆርቆሮው የሚሆነውን ብቻ ማግኘት እንደምትፈልግ፣ ሌላው ቢዘገይ ግድ እንደሌላት ነገረችኝ። ይህን ቀድሜ ብጠይቅ አንድ ሺህ ሐሳብ አላወጣም አላወርድም ነበር።

ስለዚህ የወሰንኩት እንዲህ ነው። አሮጌው ቀሪ ዕዳ፣ አራጣውና የስልኩ፤ በጥቅሉ 226 ሺህ ብር፣ በ36 ወር። ወርሃዊው 8,170 ብር ነው። ከሲሶው በታች ነው፣ አሁን ከምከፍለውም ያንሳል። በ30 ወር ሊሆን ይችል እንደሆነ አይቼ ነበር፤ 9,400 ብር ስለሚመጣ ሲሶውን ያልፋል።

ነፃ አይደለም። አሮጌው ዕዳ በዚህም መንገድ 22 ሺህ ብር ያህል ተጨማሪ ወለድ ይወልዳል። አራጣውና ስልኩ የገቡበት 52 ሺህ ብርም በሦስት ዓመት ወደ 15,700 ብር ያስከፍላል። አንድ ላይ 37,700 ብር ነው። አሁን ግን ለአራጣና ለስልክ ብቻ በዓመት 39 ሺህ ብር በላይ እያወጣሁ ነው፣ ዋናቸው ሳይነካ። የሦስት ዓመቱ ተጨማሪ ወለድ ከአንድ ዓመቱ ወጪ ካነሰ መራዘሙ ምክንያት አለው።

ዕቁቡ እንዳለ ይቀጥላል። ከአራጣ፣ ከስልክና ከባንክ ክፍያው መቀነስ በየወሩ 3,600 ብር ይተርፋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ትርፍ የሱቁን ዱቤ ይዘጋል። ከዚያ በየወሩ 3 ሺህ ለአክስቴ። ዕቁቡ በአሥር ወሩ ሲያልቅ 6 ሺህ ይሆናል። ከአንድ ዓመት ተኩል ባነሰ ጊዜ 60 ሺህ ብሯ ይመለሳል፣ የቆርቆሮውም ከክረምት በፊት ይደርሳል።

ከመፈረሜ በፊት ባንኩን የጠየቅኋቸው ነገሮች ነበሩ። ወለዱ የሚሰላው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ መጀመሪያ በተወሰደው ገንዘብ ላይ? እነሱ ዲክላይኒንግና ፍላት ይሉታል። ልዩነቱ ቀልድ አይደለም። 325 ሺህ ብር በ18 ከመቶ ፍላት ለአምስት ዓመት ቢሆን ወለዱ ከ170 ሺህ ወደ 292,500 ብር ይዘል ነበር። የእኔ በቀሪው ዕዳ ላይ ነው። የአገልግሎት ክፍያውና የብድር ኢንሹራንሱስ የሚታሰበው በጠቅላላው 226 ሺህ ላይ ነው ወይስ በተጨማሪው 52 ሺህ ላይ ብቻ? ይህ እንደ ባንኩ ስለሚለያይ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቁ። ከሚለቀቀው ገንዘብ ላይ ስለሚቆረጥም እጃችሁ የሚገባው ካሰባችሁት ያንሳል። ለአራጣው ልትሰጡ የሄዳችሁት 40 ሺህ 37 ሆኖ ቢደርስ ያ ሦስት ሺህ ለብቻው ሌላ ወለድ ይጀምራል።

ከጊዜው ቀድሞ መክፈል ይቻላል ወይ ብዬም ጠየቅኩ። ይቻላል። ዓመታዊ ቦነስ ሲመጣ ግማሹ ወደ ዋናው ገንዘብ እንዲገባ በማመልከቻ መጠየቅ አለብኝ። ማመልከቻው ላይ ወርሃዊው ክፍያ እንዲቀንስ ሳይሆን የመክፈያው ጊዜ እንዲያጥር ብዬ መጻፍ እንዳለብኝ የብድር ኦፊሰሯ ራሷ ነገረችኝ። ካልተጻፈ ሲስተሙ የሚቀንሰው ክፍያውን ነው።

የዋስትናው ጣሪያ ውሉ ላይ በፊደልም በአኃዝም ተጽፏል። ለሁለቱም ዋሶቼ ቅጂ ሰጥቻቸዋለሁ። ከቦነሱ የሚገባውም፣ ቀሪው ዕዳም በየስድስት ወሩ ስንት እንደደረሰ ከባንኩ መግለጫ አውጥቼ ላሳያቸው ቃል ገብቻለሁ። የሒሳብ ክፍሉ ትልቅ ሰው የመጀመሪያውን መግለጫ የሚጠብቁበትን ወር ካላንደራቸው ላይ ምልክት አድርገዋል።